ጉልበቴ እየከዳኝ ነው፣ አሮጌዋን ስፖርት መኪና ላቁማት ወይስ ልሽጣት? (34 መልስ የደረሰ ክር)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ አሁን 34ኛው መልስ ላይ ደርሷል፣ ግማሹ ስለ መኪናዬ ነው ግማሹ ስለ አይጥ። አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ ጀምሮ ሲዳክር እንዳይውል ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ በራሴ አፍ ልንገራችሁ። ሁለታችሁ ተሰዳድባችኋል፣ ስድቡን አለስልሼዋለሁ፣ አመስግኑኝ።

መነሻው ጽሑፌ ይሄ ነበር። 68 ዓመቴ ነው፣ የ1972 ዳትሰን 240ዜድ አለችኝ፣ 31 ዓመት አብረን ኖረናል። ስድስት ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትር ሞተር፣ ሁለት ካርቡሬተር፣ መሪዋ በክንድ ጉልበት ብቻ የሚዞር፣ ክብደቷ ከአንድ ቶን እምብዛም የማያልፍ፣ ከዝቅታዋ የተነሳ ገብተህ ስትቀመጥ መሬት ላይ የተዘረፈጥክ የሚመስልህ። ድሮ ደስ የሚለኝ ይሄው ነበር። አሁን ግራ ጉልበቴ አልቋል፣ ሀኪሙ መገጣጠሚያው በሰው ሰራሽ ይቀየር ብሏል፣ ግራ እግር ማለት ደሞ ፍሪሲዮን ማለት ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ዓመት ላቆማት ነው፣ ምናልባትም ሁለት። እቅዴንም ዘረዘርኩ፣ ፕላስቲክ ሸራ አለብሳታለሁ፣ የእጅ ፍሬኗን ጥብቅ አድርጌ እስባለሁ፣ በሳምንት አንዴ ገብቼ አስር አስር ደቂቃ አስነሳታለሁ፣ የረሳሁት ነገር ካለ ንገሩኝ አልኩ። ከስር ሳላስበው አንዲት መስመር ጨመርኩ፣ ወይስ መሸጫዋ ደርሷል የምትል። ጉዱን ሁሉ ያመጣችው እሷ መስመር ናት።

1ኛው መልስ የጨዋ ሰው ነው። ባለ ትራያምፍ ቲአር6 ነው፣ መጀመሪያ ምህረት ተመኘልኝ፣ ቀጥሎ ፕላስቲኩን በጭራሽ አለኝ፣ በትህትና ግን። ፕላስቲክ ከላይ የሚመጣውን ውሃ ቢከለክልም ከወለሉ የሚነሳውን እርጥበት አፍኖ ይይዘዋል፣ ሌሊት ሲበርድ ላሜራው ላይ ያልበዋል፣ አንተ አለበስኳት ስትል ለዝገት ቤት ሰርተህለታል ነው ነገሩ። የሚለበሰው አየር የሚያስወጣ ጨርቅ ነው፣ ወለልህ ሲሚንቶ ከሆነ ያንን ፕላስቲክ ከላይ ሳይሆን ከስሯ አንጥፈው ብሎ ጨረሰ። ይቺን ወደድኳት፣ የገዛሁት ሸራ ሜዳ ላይ አልቀረም።

2ኛው መካኒክ ነው፣ ሰላም እንኳን አላለም። በሳምንት አስር ደቂቃ የምትለዋን ሲያይ ደሙ ሳይፈላ አልቀረም። ያስረዳው ግን ጥሩ አድርጎ ነው። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጠራል፣ ሞተሩና ማርሚታው በደንብ ከጋሉ በእንፋሎት ይወጣል፣ ካልጋሉ እዛው ይቀራል። ቆማ በሚኒሞ አስር ደቂቃ ስታጓራ የራዲያተሩ ውሃ ሞቀ ቢባል እንኳ ዘይቱ ገና ነው፣ የማርሚታው ጫፍማ በእጅ የሚነካ ነው። በዛ ላይ የበረደ ሞተር ለማስነሳት ቾክ ተስቦ የሚገባው ትርፍ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት አጥቦ ይወርዳል። እና ወይ መንገድ አውጥተህ ግማሽ ሰዓት ንዳት ወይ እጅህን ሰብስብ አለ። ደግሞ ዘይት የሚቀየረው ከማቆም በፊት ነው እንጂ ስትነሳ አይደለም፣ ያገለገለ ዘይት አሲድ አለው፣ ዓመት ሙሉ ብረቱ ላይ ተኝቶ ይበላዋል አለ። እኔ 31 ዓመት ሁሌ ስትነሳ ነበር የምቀይረው። ምንም አልመለስኩለትም፣ ምን እላለሁ።

3ኛው የመካኒኩን ነገር አልተቀበለም። አባቱ በየእሁዱ አስር ደቂቃ ሲያስነሳ ሀያ ዓመት ኖሯል፣ መኪናዋም ምንም አልሆነችም፣ የመጽሐፍ ወሬ ተው አለው። 4ኛው መካኒኩ ራሱ ነው፣ በነዛ ሀያ ዓመታት ማርሚታው ስንት ጊዜ ተቀየረ ብሎ ጠየቀ፣ ሌላ አልጨመረም። 5ኛው ላይ ልጁ ተመልሶ መጣ፣ ሶስቴ መቀየሩን አመነ፣ ግን አባቱ ማርሚታው ዕቃው ደካማ ስለሆነ ነው ይሉ እንደነበር ተናገረ። እዚህ ጋ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።

ከ6 እስከ 8 ስለ ቤንዚን ነው። 6ኛው የዛሬ ቤንዚን ውስጥ ኢታኖል እንዳለ አስታወሰን፣ ኢታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ሲጠግብ ውሃና አልኮሉ ከቤንዚኑ ተለይቶ ታንኩ ስር ይዘቅጣል፣ ነዳጅ የሚሳበው ደሞ ከስር ነው፣ መጀመሪያ ወደ ሞተሩ የሚሄደው እሱ ዝቃጭ ነው ማለት ነው። ለድሮ መኪና የተሰሩ የነዳጅ ጎማ ቱቦዎችም ኢታኖል አይወዱም፣ ይለሰልሱና ይሰነጠቃሉ። የሱ መፍትሄ ኢታኖል የሌለበት ካገኘህ እሱን ሙሉ፣ ነዳጅ እንዳይበላሽ የሚጨመረውን ፈሳሽ ጨምር፣ ፈሳሹ ካርቡሬተሩ ድረስ እንዲደርስ ትንሽ ንዳት፣ ከዛ አቁም ነው። ታንኩ እስከ አፉ ሲሞላ አየር የሚይዘው ቦታ የለም፣ ውስጡ አያልበውም፣ አይዝግም። 7ኛው ታንኩ ላይ ተስማምቶ ካርቡሬተሮቹ ግን ደርቀው ይቀመጡ አለ፣ ሳህናቸው ውስጥ የቀረ ቤንዚን ተንኖ እንደ ማር የሚያጣብቅ ቡናማ ነገር ይተዋል፣ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። 8ኛው ደሞ ደረቅ ካስቀመጥከው ጎሚኒዎቹ ይኮማተሩና ስትመልሰው ያንጠባጥባል ብሎ ተቃወመ። አልተግባቡም። እኔ የ7ኛውን መረጥኩ፣ ጎሚኒ መቀየር እችላለሁ፣ የተደፈነ ካርቡሬተር ግን በዚህ ዓይኔ ቁጭ ብዬ መፈልቀቅ አልችልም።

9ኛው ፍሬን ላይ ገባ። የእጅ ፍሬን ስቦ ዓመት ማቆም እብደት ነው አለ፣ የኋላዋ ታምቡር ስለሆነ የፍሬኑ ሸራ ከታምቡሩ ጋር ይጣበቃል፣ ጎማዎቹን በእንጨት አስደግፈህ ፍሬኑን ልቀቀው። ፍሪሲዮኑም እንደዛው ቮላኖው ላይ፣ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ክብ ብረት ላይ፣ ይለጠፋል፣ ፔዳሉን በእንጨት ተጭኖ እንዲቆይ የሚያደርጉ አሉ። የፍሬን ዘይትም ከአየር ውሃ የሚጠጣ ነገር ነው፣ ብትነዳትም ባትነዳትም በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፣ ውሃ የጠጣ ዘይት የፍሬን ሲሊንደሩን ከውስጥ ያዝገዋል፣ ሲግል ደሞ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሄዳል። 10ኛው በሲሊኮን የሚሰራውን ዶት 5 ግዛ ውሃ አይጠጣም ተገላገል አለ። 9ኛው ተመልሶ ጮኸበት፣ እውነቱን ነው መቼም። ዶት 5 ከተለመዱት የፍሬን ዘይቶች ከዶት 3ም ከዶት 4ም ጋር አይቀላቀልም፣ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ሳይጸዳ አይገባም፣ ዘይቱ ውሃ ስላልጠጣ ደሞ ውሃው ጠፋ ማለት አይደለም፣ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጎ ይጠራቀምና እዛው አንድ ቦታ ይበላል። ከዚህ በኋላ የተባባሉትን ልዝለለው፣ አንደኛው የሌላኛውን መንጃ ፈቃድ ጠይቋል።

ባትሪ ላይ ማንም አልተጣላም። 11ኛው በሁለት መስመር ጨረሰው፣ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፣ ከ12.4 በታች ወርዶ ከተቀመጠ ውስጡ መሞት ይጀምራል፣ ሞልቶ ራሱን የሚያቆም ቻርጀር ሰክተህ ርሳው። ግን 240ዜድ ከሆነች ባትሪውን ጨርሰህ አውጣውና የተቀመጠበትን ሳህን እይ አለ፣ የዚህች መኪና ዝገት ከሚወዳቸው ቦታዎች አንዱ እሱ ነው፣ የባትሪ አሲድ እየተንጠባጠበበት። አየሁት። ቀለሙ አብጦ ነበር፣ በጥፍሬ ስነካው እንደ ደረቅ ቅጠል ተነሳ። 31 ዓመት አውቃታለሁ እላለሁ።

12ኛው ስለ ጎማ ነው፣ እሱ ላይ ልቆይ። ጎማህ ስንት ዓመቱ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ጥርሱ ሙሉ ነው አዲስ ነው አልኩት። ጥርሱን አልጠየቅኩህም፣ ጎኑ ላይ DOT ከሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ኋላ መጨረሻ ያለውን አራት አሃዝ አንብብልኝ አለ፣ የመጀመሪያው ሁለቱ ሳምንቱ ነው፣ የኋለኛው ሁለቱ ዓመቱ። ባትሪ መብራት ይዤ ወረድኩ። ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ የሚጻፈው በጎማው አንድ ጎን ብቻ ነው፣ የኔ ሁለቱ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሯል፣ ስለዚህ ወለሉ ላይ ተኛሁ። ደረቴን ሲሚንቶው ላይ አድርጌ አንገቴን አጣምሜ ሳበራ 0911 ይላል። የ2011 ዓ.ም. በፈረንጅ 9ኛ ሳምንት ማለት ነው። እኔ የአምስት ዓመት ጎማ ነበር የመሰለኝ፣ ዓመቱ ሳያሳውቅህ ያልፋል። ጎኑን በመብራቱ አስጠግቼ ሳየው እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አሉት፣ ቆሜ ሳይ አይታዩም ነበር። ወሬው እሱ አይደለም። ወሬው ከዛ ወለል መነሳት አቃተኝ። ጉልበቴ አልታጠፍ አለ፣ ክንዴ ደከመ፣ ቤት ውስጥ ሰው አለ ግን መጥራት አፈርኩ። በሩን ከፍቼ የወንበሩን ሀዲድ ይዤ ቀስ እያልኩ በጎኔ ተንፏቅቄ ሩብ ሰዓት የሚሆን ፈጀብኝ። ይሄን 12ኛው መልስ ስር አልጻፍኩም ነበር፣ አሁን ነው የምጽፈው።

ለማያውቅ ለመጨመር ያህል፣ ያረጀ ጎማ ጥርስ ቢኖረውም እንደማይታመን፣ ቆሞ ዓመት ሲሸከም ደሞ መሬት የነካው በኩል እንደሚደፈጠጥ 12ኛውም 1ኛውም ተናግረዋል፣ ንፋሱን ከፍ አድርጎ መሙላት ወይም ካቫሌቶ፣ መኪና የሚሸከም የብረት እግር፣ ላይ ማቆም ነው።

ከ13 እስከ 17 አይጥ። በሙሉ አይጥ። አንዱ የአየር ፊልትሮ ውስጥ ጎጆ ሰርታ ወልዳ ያገኛትን አወራ፣ አንዱ የወንበሩ ስፖንጅ እንዴት እንዳለቀ፣ አንዲት ሴት ፔፐርሚንት ዘይት ስትል ሌላዋ የሷ አይጦች ፔፐርሚንት እንደ ሽቶ የሚቀቡት ይመስላል አለቻት። ድመት አስገቡ ያለም አለ፣ ድመቷ የቆዳ ወንበሩ ላይ ጥፍሯን እንዴት እንደሳለች የነገረውም አለ። ጠቃሚው የ16ኛው ነው። የማርሚታውን ጫፍ በብረት ሱፍ ደፍኖ ረሳው፣ በዓመቱ ሊያስነሳት ሲል እምቢ፣ ሞተሪኖው እስኪግል አዞረ፣ ካንዴላ ቀየረ፣ መካኒክ ግማሽ ቀን ካርቡሬተር ፈታ። ስለዚህ ምን የት እንደደፈንክ በትልቁ ጽፈህ መሪው ላይ ለጥፍ ነው ምክሩ። 18ኛው ባካችሁ ወደ ርዕሱ ብሎ ለመነ፣ ሰውዬው ጉልበቱን አሞት ነው የመጣው አለ።

19ኛው ርዕሱን ጨምድዶ ያዘው። የኔን ጽሑፍ ሶስቴ አንብቤዋለሁ፣ ስለ ማቆም አልጠየቅክም አለኝ። የጠየቅከው ስለ መሸጥ ነው፣ ያንን ግን አፍረህ ከስር ቀበርከው፣ አንድ ዓመት ወይ ሁለት ያልከው ራስህም አላመንከውም። ቆማ ዓመት የምትጠብቅህ መኪናዋ አይደለችም፣ አንተ ነህ ውሳኔውን ጨርቅ የምታለብሰው አለ። ተናደድኩ። አንተ ልጅ ገና አልደረስክበትም፣ ሲደርስብህ እንጠያየቃለን ብዬ መለስኩ። ከሰዓት በኋላ 76 ዓመታቸው እንደሆነና የ1966 ጃጓር ኢ ታይፕ ከሁለት ዓመት በፊት እንደሸጡ ጻፉ። ኸረ አንቱ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ እሳቸው አንተ ቢሉኝ እንደሚሻላቸው ነገሩኝ፣ እኔ ግን ከዛ ወዲያ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

የሳቸውን ምክንያት ላስቀምጠው፣ ከሀዘን የመጣ አይደለም። የኢ ታይፑ በር ትንሽ ነው፣ ከበሩ ስር ያለው ደፍ ሰፊ ነው፣ እሱን ተሻግሮ ለመግባት ወገብም ዳሌም ጉልበትም አንድ ላይ መታጠፍ አለበት። እሱን ችለውት ነበር። ያቆማቸው ማታ አንድ መታጠፊያ ላይ እግራቸው ፍሬን ፈልጎ ነዳጁን ነካ፣ ምንም አልደረሰም፣ መንገዱ ባዶ ነበር። እውቁን የእንግሊዝ የመኪና ተወዳዳሪ ስተርሊንግ ሞስን አነሱ። ሞስ በ2011 በ81 ዓመቱ ፈረንሳይ ውስጥ "ለ ማን" በሚባለው የውድድር ቦታ የድሮ መኪኖች ውድድር ማጣሪያ ሲነዳ ራሱ ራሱን አስደነገጠው፣ በዛው ቀን ከውድድር ወጣሁ አለ፣ የገፋው ሰው አልነበረም። መኪናውን ሌላ ሰው ቁልፉን ቀምቶህ ከምትተው አንተ ራስህ የምትተው ቀን አለ፣ ያ ቀን እንዳያመልጥህ ነው ያሉኝ።

20ኛው አልተዋጠለትም። አርቭ ጎርደን የሚባለውን ጡረተኛ የሳይንስ መምህር አመጣ፣ በ1966 የገዛትን ቮልቮ 1800ኤስ በ2013 3 ሚሊዮን ማይል አስቆጠራት፣ 4.8 ሚሊዮን ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ያኔ ዕድሜው 73 ነበር፣ በ2018 እስኪሞትም አልተለያዩም። 21ኛው በለስላሳ አንደበት አረመው፣ ሰውዬው እኮ አላቆማትም፣ በየቀኑ ነዳት እንጂ፣ ምሳሌህ የ19ኛውን ነገር ነው የሚያጠናክረው። 20ኛው ዝም አለ፣ ቆይቶ ደሞ በ25ኛው ላይ የፊልም ተዋናዩንና የመኪና ተወዳዳሪውን ፖል ኒውማንን ይዞ ተመለሰ፣ በ1995 በ70 ዓመቱ አሜሪካ ውስጥ በሚካሄደው የዴይቶና 24 ሰዓት ውድድር ላይ ከነ ቡድኑ በምድባቸው አንደኛ፣ ከሁሉም ሶስተኛ ወጥተዋል። 26ኛው አንተም እንደ ፖል ኒውማን ጉልበት የሚያሽልህና ጎማ የሚቀይርልህ ቡድን ካለህ ሽማግሌውን አትስማ አለኝ።

በመሀል 22ኛዋ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት፣ እኔ ከክሩ ሁሉ ያተረፍኩት ከሷ ነው። እግርህን አስቀድመህ አትግባ አለችኝ፣ ጀርባህን ሰጥተህ መጀመሪያ ቂጥህን አሳርፍ፣ ከዛ ሁለቱንም እግር ገጥመህ አንድ ላይ አዙር፣ መቀመጫው ላይ ስስ ላስቲክ ብታነጥፍ ያንሸራትትሃል፣ ስትነዳ ግን አንሳው። ስትወጣ መሪውን አትሳብ፣ የበሩን ምሰሶ ያዝ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሀኪሙ ሳይፈቅድ ፍሪሲዮን አትርገጥ፣ ከፈቀደም በኋላ መጀመሪያ ሞተሯ ጠፍቶ ቁጭ ብለህ ፔዳሉን እስከ ወለል ደጋግመህ ርገጥ፣ ሀያኛው ላይ ፊትህ ከተጨማደደ ገና ነህ። ሰው የሚሸወደው አንዴ መርገጥ ስለቻለ ነው፣ ትራፊክ ውስጥ መቶ ጊዜ ነው የሚረገጠው አለች። መሪውም ከከበደህ ለድሮ መኪና የሚገጠም የኤሌክትሪክ አጋዥ አለ ብላ ጨመረች።

እሷ ኤሌክትሪክ ስትል 23ኛው ነደደ። ሞተር የጨመርክባት ቀን ክላሲክ መሆኗ ቀረ፣ ፊቫ የሚባለው የዓለም የድሮ መኪኖች ማህበር እንኳ 30 ዓመት ስለሞላት ብቻ አይቀበላትም፣ ከታሪኳ ጋር የሚሄድ ይዞታ ላይ መሆን አለባት፣ የዕለት መጓጓዣም መሆን የለባትም እያለ ሰበከ። 24ኛው የሚፈታ ነገር የተገጠመላት መኪና አልተለወጠችም፣ ኦሪጅናሉን በሳጥን አስቀምጠህ ለገዢው ታስረክባለህ፣ ደግሞ የታሪክ ይዞታ ካልክ የሰውዬውም ጉልበት ኦሪጅናል ሊሆን አይደለም አለው። 23ኛው አልሳቀም። እኔ ስቄያለሁ።

27ኛው ቁምነገር ነው፣ ፈጥናችሁ አትለፉት። ጋራዥ በር ዘግቶ ሞተር የሚያስነሳ አለ፣ የበረደ ቀን በተለይ። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ይመስላል፣ አለቀ። በሩ ተከፍቶም ቢሆን መኪናዋ ወጥታ ትነሳ እንጂ። 240ዜድ ላይ ደሞ የኋላ ኮፈኖው ዙሪያ ያለው ጎሚኒ ካረጀ የማርሚታው ጭስ ስትሄድ ከኋላ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ራስህን እያመመህ ዕድሜዬ ነው ትላለህ። በዛ ላይ ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ካርቡሬተር ያላት መኪና የውሃ ማሞቂያ እሳት ካለበት ክፍል አትቆምም። 28ኛው ስለ ኢንሹራንስ ነው፣ ባጭሩ ስታቆማት ለኩባንያው ንገር፣ ለእሳትና ለስርቆት ብቻ የሚሸፍን ሊኖር ይችላል፣ ዋጋዋ ደሞ አስቀድሞ በስምምነት ይጻፍ፣ አለበለዚያ በደረሰ ጊዜ እንደ ማንኛውም ያረጀ መኪና ይገምቷታል።

29ኛው መልስ የእትዬ ነው፣ ስማቸውን አልጻፉም፣ እኔ እትዬ እያልኩ ነው የማነሳቸው። ባለቤታቸው ከሶስት ዓመት በፊት አርፈዋል። ጋራዥ ውስጥ አንድ አልፋ ሮሚዮ ስፓይደር ነበር፣ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ዙሪያውን በካርቶን ሳጥን ተከቦ። ከቁልፎቹ የትኛው የሷ እንደሆነ አያውቁም፣ ሊብሬው የት እንዳለ አያውቁም፣ ሳጥኖቹ ውስጥ ያለው ብረት ቆሻሻ ይሁን ዕቃ አያውቁም፣ ባልየው ግን እያንዳንዷን ብሎን ያውቁ ነበር፣ ሁሉም ጭንቅላታቸው ውስጥ ነበር። በሳምንቱ አንድ ትሁት ሰው ለቅሶ ሊደርስ መጣ፣ የባለቤትዎ ወዳጅ ነበርኩ አለ፣ ይቺን አሮጌ ብረት ላንሳልዎት አለ፣ ትንሽ ገንዘብ ሰጥቶ በጭነት መኪና ወሰዳት፣ ሳጥኖቹን በነጻ ጨመሩለት። ምን ያህል እንዳጡ ከዓመት በኋላ ነው ያወቁት። ያናደዳቸው ገንዘቡ አይደለም። ባለቤታቸው በየቅዳሜው ስድስት ሰዓት ሙሉ እዛ ጋራዥ ሲያሳልፉ አንድም ቀን ይሄ ምንድነው ብለው አልጠየቋቸውም፣ እሳቸውም አንድም ቀን ነይ ላሳይሽ አላሉም። እና አንተ ልጄ፣ አሉኝ፣ ብትሸጥም ብታቆምም አንድ ወረቀት ጻፍ፣ ቁልፉ የት ነው፣ ወረቀቱ የት ነው፣ የትኛው ሳጥን ዋጋ አለው፣ ማን ይጠየቅ፣ ማን አይታመን። እሱን ጽፈህ ለምታምነው ሰው በእጁ ስጥ፣ ሳጥን ውስጥ አትክተተው።

ከዚህ በኋላ ለግማሽ ቀን ማንም አልጻፈም። 30ኛው ላይ የተመለሱት ያው የጃጓሩ ሰውዬ ናቸው፣ አነጋገራቸው ተለውጧል። ለእትዬ አዘኑላቸው፣ ከዛ አንድ ነገር አወጡ። ኢ ታይፑን የገዛቸው ጎረምሳ ሶስቱን ካርቡሬተር ማስተካከል አይችልም፣ ስለዚህ በወር አንዴ እሳቸው ጋ ያመጣታል፣ አንድ ቁራጭ ጎማ ቱቦ ጆሯቸው ላይ ደቅነው የያንዳንዱን አየር አሳሳብ እያደመጡ ብሎኗን ሩብ ሩብ ዙር ያዞራሉ፣ ልጁ ቆሞ ያያል። አይነዱም፣ ግን አልጠፋችም። መሸጥ ስል ይሄን ማለቴ ነበር፣ ቀድሜ በቁጣ ጀመርኩት አሉ።

31ኛው አሁን የገባ ሰው ነው፣ ምንም አላነበበም፣ ጋሼ በሳምንት አንዴ አስር አስር ደቂቃ ለምን አያስነሷትም አለኝ። 32ኛው መካኒኩ ነው፣ የጻፈውን እዚህ አልደግመውም።

33ኛው የ24 ዓመት ልጅ ነኝ ያለች ናት። ከመጀመሪያው ጽሑፌ ሰው ሁሉ የዘለላትን ነገር አንስታ ጠየቀችኝ፣ ልጅ አለኝ ብለሃል፣ ልጅህ አትነዳም እንዴ። አይ የኔ ልጅ አውቶማቲክ ነው የለመደችው ብዬ ልመልስ ጀምሬ አቆምኩ። 29 ዓመቷ ነው። ጠይቄያት አላውቅም።

34ኛው የራሴ ነው። ጎማዎቹ አራቱም ተቀይረዋል፣ የፍሬን ዘይቱ ወጥቷል፣ ቡና መስሎ ነው የወጣው፣ የባትሪው ሳህን ተፍቆ ቀለም ተቀብቷል። ወረቀቱን ጽፌያለሁ፣ ሁለት ገጽ ሆነ፣ በእጇ ሰጥቻታለሁ። ቀዶ ጥገናው በሚቀጥለው ወር ነው፣ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሰዓት የምትነዳት ልጄ ናት፣ ጨርቁ የሚለበሰው በመሀል ብቻ። ቅዳሜ ባዶ ሜዳ ላይ ፍሪሲዮን አስተማርኳት፣ አራቴ ጠፋባት፣ አምስተኛው ላይ ዘለለች፣ አባዬ አትጩህ ስትለኝ እየጮህኩ መሆኑን አላወቅኩም። ከዛ ወደ መንገድ ወጣን። በ31 ዓመት እኔ በተሳፋሪው ወንበር ተቀምጬ አላውቅም ለካ፣ ዳሽቦርዱ ከዛ በኩል ሌላ መኪና ነው የሚመስለው፣ የዕቃ መክደኛው ላይ የቁልፍ ጭረት አለ፣ ማን እንዳደረገው አላውቅም።

አሁን ጥያቄ አለኝ፣ ፍጥነታችን 60 አካባቢ ሲደርስ በተሳፋሪው በር ከላይ በኩል ከመስታወቱ ጥግ ቀጭን ፉጨት ይሰማል፣ 80 ላይ ይጠፋል። በሾፌሩ በኩል ሆኜ አንድም ቀን አልሰማሁትም። ጎሚኒው ነው ወይስ በሩ መስመሩን ስቶ ነው? የሚያውቅ ካለ 35ኛው ላይ ይጻፍልኝ። ስለ አይጥ አይደለም።